የአውራ ጣት ማር

ሰበታ፤ የካቲት ፳፻፰ ዓ.ም.

ለልጄ አባት፤

ከማልወደው ሰው ጋርም ቢሆን ጤንነቱን ሳልጠይቅ ነገር እንድጀምር ያደግሁበት ሥርዓት አይፈቅድልኝምና አስቀድሜ እጠይቅሃለሁ፤ እንደምን ሰንብተሃል? ሰውነትህ፣ ሥራህ፣ የደብረ ማርቆስ ብርድ እንዴት አድርጎሃል? እኛ ሥላሴ ይመስገኑ በሕይወት አለን። ዱርሲቱ ደኅና ናት። ልጂቱም በአካሏ ደኅና ናት፤ ስለ ቀረው ነገሯ ከዚህ በታች እጽፍልሃለሁ። ክፉ ዜና ነው ብለህ አትደንግጥ። ባትደነግጥ እንኳ እንደ ደነገጠ ሰው ሆነህ አንብበው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ በሪሁን የሚባል በማርቆስ መስመር የሚሠራ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። መልስ ተቀብሎ እንዲመለስ አላዘዝሁትም። የምጠብቀው መልስ በወረቀት የሚመጣ አይደለም።

እኔና አንተ የተያየነው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በችሎት ፊት ስለ ነበር ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት አልነበረም። እንግዲህ ማን እንደ ሆንሁ ከራሴ አፍ ስማ። ሰበታ ተወልጄ ያደግሁ የገበሬ ልጅ ነኝ። በቤት ኦሮምኛ፣ በገበያ አማርኛ፣ በቤተ ክርስቲያን ግእዝ እየሰማሁ አድጌ፣ ለቅኔ ትምህርት አንተ ዛሬ ወደምትኖርበት አገር ተሻግሬ፣ መሪጌታ ተብዬ ወደ አባቴ መሬት ተመለስሁ። በበዓላት ማሕሌት እቆማለሁ፤ በአዘቦት ቀን ለሕፃናት ፊደልና ዳዊት አስተምራለሁ፤ ክረምት ሲገባ አርሳለሁ። ዱርሲቱን ያገባሁት ትዳራችሁ ፈርሶ፣ አንተም ከመንገድ ሥራው ማሽን ጋር ወደ ጎጃም ተሻግረህ፣ መምጣትህም መጠየቅህም ከተቋረጠ በኋላ ነው። ልጂቱ ያን ጊዜ አፏን በቅጡ ያልፈታች ሕፃን ነበረች። አንተ ባወጣህላት ስም ጠርቻት አላውቅም። በክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ እላታለሁ። ሰዎች ምክንያቱን ሲጠይቁኝ የክርስትና ስም ይበልጣል እላቸዋለሁ፤ ይበልጣልም።

ከእኔ በፊት ዱርሲቱ ከስሳህ የሰበታ ፍርድ ቤት የልጅ ቀለብ እንድትቆርጥ ፈርዶብህ እንደ ነበር አልዘነጋኸውም። ፍርዱ ሳይፈጸም የቀረው አንተ ክልል ስለ ተሻገርህ ብቻ አይደለም። ዱርሲቱ ማርቆስ ድረስ ሄዳ ልታስፈጽም በተነሣች ቁጥር «እኔ በሕይወት እያለሁ የዚያ ሰው ጤፍ በቤቴ አይቦካም» እያልሁ አስቀራት ነበር። ወረቀቱም ከሳጥኗ ሥር፣ ከሠርግ ቀሚሷ በታች ተቀመጠ። የየትኛው ሠርጓ ቀሚስ እንደ ሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

አሁን ስለ ማሩ ልንገርህ፤ ጠበቃህ በችሎት ያነሣው ያ ነውና።

አንድ ቀን ከክርስትና ድግስ ስንመለስ፣ አንዲት ሴት ልጂቱን አቁማ «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አለቻት። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። በዚያው ቅጽበት በአስፋልቱ ላይ አንተ እንደምትሠራበት ያለ አንድ ቢጫ ግሬደር እያጓራ ያልፍ ነበር። ልጂቱ ጣቷን ወደ ማሽኑ ዘርግታ «የዚያ!» አለች። ሴትዮዋ ሳቀች። እኔም ከሰው ጋር አብሬ ሳቅሁ። በሳምንቱ ኦቦ ጂሬኛን ወደ ቤቴ ጠራኋቸው።

ኦቦ ጂሬኛ የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ በሰበታ ዙሪያ ተጣልቶ ወደ እሳቸው ሄዶ ሳይታረቅ የተመለሰ ሰው የለም። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ነጭ ማር በሸክላ ሳሕን ቀረበ። አውራ ጣቴን ነክሬ ለልጂቱ ዘረጋሁላት። ልሳ ጨረሰችና «ይጨመርልኝ» አለች። ሽማግሌዎቹ እስኪያስላቸው ሳቁ። ኦቦ ጂሬኛ በኦሮምኛ መርቀው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞረው «እንግዲህ ይቺ ልጅ ከጎንህ እንደ ወጣች ናት። ቢርብህ አታርቃት፤ ብታስከፋህ አትመልሳት» አሉኝ። እኔም በዚያው ጣቴ አማትቤ ማልሁ። ይህን እኛ ጉዲፈቻ እንለዋለን፤ በእናንተ በኩል የጡት አባት ይሉታል። ስሙ ቢለያይም መሐላው መሐላ ነው።

እንዲህ እያለን ሳለ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ወሬ መጣ፤ ከወሬውም በኋላ ቀያሾች መጡ። በአባቴ መሬት ላይ ችካል ተተከለ። እረሱ የሚለን የለም፤ አትረሱ የሚለንም የለም፤ ካሣችሁ ይህን ያህል ነው የሚለንም የለም። ዝናቡም በዚያው ዓመት ከዳን። ቤታችን በዱርሲቱ ንግድ ላይ ወደቀ። እሷ እህቷ ካለችበት ከሱሉልታ ቅቤ ገዝታ፣ ቡራዩ ከወንድሟ ቤት አሳድራ፣ ሰበታ አምጥታ ትሸጣለች። የአንዲት ሴት ትከሻ ግን ቤት ሙሉ ሰው አይሸከምም። አንድ ምሽት ሳትነግረኝ ሳጥኗን ከፈተችና ወረቀቱን ከፊቴ አኖረች።

የኦሮሚያ ፍርድ ቤት በኦሮምኛ፣ በቁቤ ፊደል ነው የሚጽፈው። ዱርሲቱ ማንበብ አትችልም። እኔ ቋንቋው የእናቴ ቋንቋ ቢሆንም ፊደሉን አላውቀውም፤ በእኔ ዘመን አልነበረም። ስለዚህ ልጂቱን ጠራናት፤ ትምህርት ቤት የተማረችው በእሱ ነውና። ምን እንደምናስነብባት ያሰብነው ማንበብ ከጀመረች በኋላ ነው። «አባት ለልጁ በየወሩ ቀለብ እንዲከፍል» የሚለውን ስለ ሌላ ሰው እንደምታነብ ሁሉ ድምፅዋን ሳትለውጥ አነበበችው። እኔ «ይበቃል» አልኋት። እሷ ግን ጣቷን ከአንድ መስመር ላይ አላነሣችም። «ስልኩም እዚህ አለ» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ልፋት አላበዛብህም። የሰበታ ፍርድ ቤት ማርቆስ ያለውን ደመወዝህን መያዝ አይችልምና ፍርዱ ወደ ከተማችሁ ፍርድ ቤት መተላለፍ ነበረበት። ለመተላለፍ ደግሞ በአማርኛ ተተርጉሞ ማኅተም ሊያርፍበት ይገባ ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ በኅዳር መጨረሻ ቀጠሮ ተሰጠን። ዱርሲቱ ብቻዋን ልትሄድ ነበር። መንገዱ አይታመንም ብዬ አብሬያት ሄድሁ። መንገዱ በርግጥም አይታመንም ነበር፤ ተማሪዎች በፕላኑ ላይ ተነሥተው በየከተማው ጎማ መቃጠል የጀመረበት ሰሞን ነበርና። ጠዋት ስትነሣ ፀጉሯን ተቀብታ፣ በፋሲካ እንኳ ያላወጣችውን ነጠላ ደርባ አገኘኋት። «ፍርድ ቤት ነው የምንሄደው ወይስ ሠርግ?» አልኋት። «ዳኛው እንዲያዝንልኝ ነው መሪጌታ» ብላ ሳቀች። ሰው ከተዋበች ሴት ይልቅ ለተጎሳቆለች ሴት እንደሚያዝን እያወቅሁ ተከትያት ወጣሁ።

በችሎቱ ደጅ አንተን ማንም ሳያሳየኝ አወቅሁህ። ግንቡን ተደግፈህ፣ ግራ እጅህን ማጅራትህ ላይ አድርገህ ቆመህ ነበር። ወለተ ሥላሴ የዳዊቱ ቃል ሲጠፋባት እንዲሁ አድርጋ ትቆማለች። ያን ሁሉ ዓመት ሳሳድጋት ያቺን እጅ ከየት እንዳመጣቻት አላውቅም ነበር። ትምህርቷ የእኔ ነው፤ ጸሎቷ የእኔ ነው፤ ያቺ እጅ ግን በቤቴ ውስጥ የአንተ ሆና ኖራለች።

ለእኔ የጨዋ ሰላምታ ሰጠኸኝ፤ አልዋሽም። ከዚያ ወደ ዱርሲቱ ጠጋ ብለህ አንድ ነገር አልካት፤ እሷም በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ምን እንዳልካት እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። አልጠይቃትምም። አንተንም አልጠይቅህም።

ችሎት ገባን። ጠበቃህ ተነሣና «ልጂቱ በሰበታ ሽማግሌዎች ፊት ማር ልሳ ሌላ አባት ይዛለች፤ አሳዳጊዋ እነሆ እዚህ ቆመዋል፤ ደንበኛዬ ምን የሚያስከፍለው አለ?» አለ። የኦቦ ጂሬኛን ስም እንኳ ሳይስት ጠራው። ማሩን ያዩት ሽማግሌዎቹ፣ እኔ፣ ልጂቱና እናቷ ብቻ ነን። ዳኛው ነገሩን ማጣራት ያለበት ፍርዱን የሰጠው ፍርድ ቤት ነው ብለው፣ እኔና ኦቦ ጂሬኛ ሰበታ ቀርበን ቃላችንን እንድንሰጥ መለሱን። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነገር አልነበረም። ዐይኔ በዱርሲቱ ነጠላ ላይ ነበር።

ስንመለስ አውቶቡሱ ሱሉልታ ላይ አራገፈን፤ ከዚያ ወዲያ አልሄድም አለ። በሌላ መኪና ዞረን ቡራዩ መግቢያ ስንደርስ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ፣ ጎማ እየነደደ፣ ሕዝቡ በእግሩ ይተራመስ ነበር። እኛም ወርደን በድንጋዩ መካከል ስንሄድ፣ ከማርቆስ ጀምሬ የያዝሁት ነገር አመለጠኝ። «አንቺ ነሽ የነገርሽው» አልኋት። «ምኑን?» «የማሩን ነገር! ከማን ሰማው ታዲያ? ስንት ጊዜ አነጋገርሽው?» ዱርሲቱ የተሸከመችውን ዘንቢል መሬት ላይ ጥላ በኦሮምኛም በአማርኛም ማለች፤ እኔም ድምፄን ከፍ አደረግሁ። አንድ ፊቱን በጨርቅ የሸፈነ ጎረምሳ ከድንጋዩ ክምር ላይ ሆኖ «አባባ! ሚስትዎን ቤትዎ ገብተው ይቆጧት፤ እዚህ ሰልፍ ላይ ነን» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁብኝ። ድንጋይ ይዞ የቆመ ልጅ ሥነ ሥርዓት ሲያስተምረኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የዱርሲቱ ቅቤ ቡራዩ ላይ ተይዞ ሻገተ። ደንበኞቿ ሌላ ሰው ዘንድ ሄዱ። ቀጠሮው ሲቃረብ ከጎኔ ተቀምጣ ለመነችኝ። «አንዲት ቃል ናት መሪጌታ። ማሩ የልጅ ማባበያ ነበር ይበሉ። ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ወጥተን ቤት ስንገባ ልጅዎ ናት፤ ማን ይወስድብዎታል?» አለችኝ። በመሐላ ፊት ማባበያ ነበር ልበል ወይ አልኋት። «ቀለቡ ካልመጣ እንግዲህ ሱሉልታ እህቴ ተረፈች ጋ ወስጄ አስጠጋታለሁ። እዚያ ወተት አለ፤ ትምህርት ቤትም አለ። እዚህ ምን አለ?» አለችኝ።

ኦቦ ጂሬኛም በዋዜማው በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጡ። «እኔ የተጠየቅሁትን እመልሳለሁ፤ በዕድሜዬ ሐሰት አልጀምርም» አሉኝ። ቀጥለውም «አንተ ግን ማሩን መልሰህ ልትተፋው ከሆነ አስቀድመህ ንገረኝ፤ እንዳይረጨኝ ራቅ ብዬ ልቁም» አሉ። ሳልፈልግ አሳቁኝ።

የሰበታው ቀጠሮ በጥር ማብቂያ ዋለ። ፕላኑ ቀርቷል የሚል ወሬ ስለ ተነገረ ከተማው ትንሽ ተንፍሷል፤ ወታደሮቹ ግን ገና በየመስቀለኛው ቆመው ነበር። ጠበቃህ አልመጣም፤ መንገዱን ፈርቶ ይሆናል። በችሎቱ ውስጥ ስለ አንተ የሚከራከር አንድም ሰው አልነበረም። ከእኔ በቀር።

ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት፤ የእኔን ዘመን ሰው እንደምታከብር ከአነጋገሯ ያስታውቃል። ኦቦ ጂሬኛ ያዩትን ተናገሩ፤ ነገር ግን ወሳኙ የእኔ ቃል ነበር፤ ማሩን በምን አሳብ እንዳላስኋት የማውቀው እኔ ነኝና። በኦሮምኛ «ልጂቱ የማን ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። ዱርሲቱ ከኋላዬ ተቀምጣለች። ዞሬ አላየኋትም። ያየሁት በማርቆስ ግንብ ላይ የተደገፈውን ሰው፣ ማጅራቱ ላይ ያለችውን እጅ ነው። «ኢንተላ ኮቲ» አልሁ፤ ልጄ ናት ማለት ነው። ዳኛዋ ብዕሯን አቁማ «መሪጌታ፣ ይህን ካሉ ቀለቡ እንደሚቆም ገብቶዎታል?» አለችኝ። ገብቶኛል አልሁ። «ያለፈውም የሚመጣውም?» አለች። ያለፈውም የሚመጣውም አልሁ። ድምፄ ከተጠየቅሁት በላይ ከፍ ብሎ ነበር።

ስለዚህ ዕወቀው፤ ነጻ ወጥተሃል። ነጻ ያወጣሁህም እኔ ነኝ። የተናገርሁት እውነት ነው፤ ዛሬም ብጠየቅ የምደግመው ይኸንኑ ነው። ዱርሲቱ ግን ከፍርድ ቤቱ በር ስንወጣ ፊቷን ሳታዞር «እውነት ተናግረዋል መሪጌታ። ለእውነት ብለው ግን አይደለም» አለችኝ። በሳምንቱ የልጂቱን ልብስና ደብተር በዘንቢል አድርጋ፣ እንዳለችው ሱሉልታ ተረፈች ቤት ወሰደቻት። ልጂቱ ስትወጣ ማልቀስ አላለቀሰችም። «አባባ፣ ዳዊቴን ልውሰድ?» ብቻ ነው ያለችኝ። ውሰጂ አልኋት። ልጄ ናት ብዬ በመሐላ በመሰከርሁ በሳምንቱ ልጄ ከቤቴ ወጣች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ እጠይቃታለሁ። የተረፈች ቤት በጎጃም መንገድ ዳር ነው። እዚያ ጠዋት ጠዋት ሯጮች ተሰልፈው ያልፋሉ፤ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ከኋላቸው ይሮጣሉ። ወለተ ሥላሴ ግን ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የመኪኖቹን ሰሌዳ ታነባለች። «ኦሮ» የሚል ሲያልፍ ዝም ትላለች። «አማ» የሚል ሲመጣ ትነሣለች። መኪናው ሲያልፍ ትቀመጣለች። ባለፈው ቅዳሜ እንዲህ ስትነሣና ስትቀመጥ ከሩቅ ቆሜ አየኋት፤ ጠጋ ብዬም ማንን እንደምትጠብቅ ጠየቅኋት። እጇን ማጅራቷ ላይ አደረገች።

የነገረችህ እሷ ነች። ከዱርሲቱ አፍ አንድም ቃል አልወጣም። ከፍርዱ ወረቀት ላይ ስልክህን ገልብጣ በጓደኞቿ ስልክ፣ ኋላም በተረፈች ስልክ ትደውልልህ እንደ ነበር ነገረችኝ። የማሩንም ነገር የነገረችህ እሷው ናት። «ለምን ነገርሽው?» አልኋት፤ ተቆጥቼ አልነበረም። «እንዲቀና» አለችኝ። «ሌላ አባት ማር አልሶኛል ስለው ይቀናና ይመጣል ብዬ ነበር።» ታዲያ ምን አለሽ ብላት «ማን ማን ነበረ፣ የት ነበረ፣ ሽማግሌው ማን ይባላል ብሎ ብዙ ብዙ ጠየቀኝ» አለችና ወደ መንገዱ ተመለከተች። «የቀና መስሎኝ ነበር።»

አንተ ያን ጥያቄ ስትጠይቅ ምን ታስብ እንደ ነበር አንተ ታውቃለህ፤ እኔም በማርቆስ ችሎት ሰምቼዋለሁ። ለእሷ አልነገርኋትም። እስከ ዛሬ የምታውቀው አባቷ ብዙ ጠይቆ በኋላ ስልክ ማንሣት እንዳቆመ ብቻ ነው። ስልኩ ጠፍቶበት ይሆናል ትላለች። መንገድ ተዘግቶ ይሆናል ትላለች። መንገዱ ከተከፈተ ሰነበተ።

እንግዲህ የጻፍሁበትን ጉዳይ ስማ። ቀለብ አልጠይቅህም፤ መሐላዬን አላፈርስም፤ የሚበላውን የሚያመጣ እግዚአብሔር ነው። መሥሪያ ቤትህ ለመለዋወጫ ወደ አዲስ አበባ እንደሚልክህ ከሰው ሰምቻለሁ። ሱሉልታ በመንገድህ ላይ ናት፤ ዞር በል የሚያሰኝ ቦታ አይደለችም። ስታልፍ ቁም። ከድንጋዩ ፊት ቁምና «ያ ሽማግሌ ማር አልሶሽ ነው አሉ፤ ማን ፈቀደለት?» በላት። ተቆጣ። ስሜን በክፉ አንሣ። እኔ ከበሩ ጀርባ ብሆን እንኳ አልወጣም።

ውሸት ተናገር ግን አልልህም። ዕድሜ ልኬን ለልጆች ሐሰትን ጥሉ እያልሁ አስተምሬ፣ ዛሬ ለአንተ ሐሰት አላዝዝም። ስለዚህ ከመምጣትህ በፊት እውነት እንዲሆን ቅና። ቅናት ኃጢአት እንደ ሆነም አስተምሬያለሁ፤ ይህኛውን እኔ እጾምልሃለሁ።

ለመቅናት የሚረዳህ ከሆነ ያለኝን ልንገርህ። መንገድ ስንሻገር የምትይዘው እጄን አይደለም፤ አውራ ጣቴን ነው፤ ዛሬም፣ በዚህ ቁመቷ። የወተት ጥርሷን ጣሪያ ላይ የወረወርሁት እኔ ነኝ። ኩፍኝ ሲይዛት ከጀርባዬ በቀር አልተኛም ብላ ሌሊቱን ጎንበስ ብዬ አንግቻለሁ። ዳዊት ስትደግም ከምትወደው መዝሙር ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ለብቻዋ ልትይዘው። ለጥምቀት ጫማዋን ወልውላ ከእኔ ጫማ አጠገብ ታስቀምጠዋለች፤ የእኔንም ሳልነግራት ትወለውለዋለች። ተናድዳ ስታኮርፍ ለእናቷ በአማርኛ፣ ለእኔ በኦሮምኛ ነው የምታጉረመርመው፤ በግእዝም ብትችል በወደደች። ይህ ሁሉ የእኔ ነው። አንተ የለህም። ቅና!

ያቺ ማጅራቷ ላይ የምታደርጋት እጅ ግን የእኔ አይደለችም። እሷን ባየሁ ቁጥር የምሆነውን አንተም አንዲት ቀን ሁን፤ ከዚያ በላይ አልፈልግብህም።

ስትመጣ ዱርሲቱ ሱሉልታ ብትገጥምህ በጨዋ ደንብ ሰላም በላት። በማርቆስ ያልካትን አትድገምላት።

በሪሁን ይህን ደብዳቤ ይዞ ሲያልፍ ሱሉልታ ላይ ለምሳም ቢሆን እንዳይቆም ለምኜዋለሁ። የአውቶቡሱ ሰሌዳ «አማ» ነው። አንተ ባወጣህላት ስም ልጥራትና፣ ሮዛ ትነሣለች።

ከመንገዱ ገደል፣ ከማሽኑም አደጋ ይጠብቅህ። ልብህን ያለስልስልህ፤ ለዓይነ ሥጋ ሳይዘገይ ያገናኛችሁ። አሜን።

የልጅህ አባት